ስለ ዘንግ ርትዕ በፓምፕ ቤት የተደረገ ምልልስ

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ ወንዝ ተጠግቶ በተሠራ የአንድ ፋብሪካ የፓምፕ ቤት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ኩሽኔታው የተበላ ሞተር ታድሶ እንደገና በሚተከልበት ቀን፣ ይህን የምጽፈው ሰው ለሌላ ጉዳይ መጥቼ ሥራ አስኪያጁን ስጠብቅ ከበሩ አጠገብ በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጬ ነበርና፣ በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገውን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመስማት ዕድል አገኘሁ። አንደኛው ሠራተኞቹ «መሪጌታ» እያሉ የሚጠሯቸው፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ዜማና ቅኔ ሲማሩ ቆይተው ኋላ ወደ ከተማ በመምጣት አርባ ዓመት በሞተርና በፓምፕ መካከል ያሳለፉ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ስሙም የሹመት ሳይሆን የፍቅር ነው። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት መሐንዲስ ሲሆን፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ አድርጎ በደረቱ የያዘው ሳጥን በሌዘር ጨረር የሚሠራ አዲስ የዘንግ ማቃኛ መሣሪያ ነበር።

መሐንዲሱ፦ መሪጌታ፣ መሣሪያው ይኸው መጣ። አንዱን ክፍሉን በሞተሩ ዘንግ፣ ሌላውን በፓምፑ ዘንግ ላይ አስረን ግማሽ ዙር ብናዞራቸው፣ ስንት መቶኛ ሚሊሜትር እንደተዛነፉ ራሱ አስልቶ ይነግረናል። እስከ ምሳ ሰዓት ውኃውን የምንለቅ ይመስለኛል።

መሪጌታ፦ መሣሪያውን አልነቅፍም፤ እኔ በዚህ ሰዓት መሳይ መለኪያ ግማሽ ቀን የምደክምበትን እርሱ በሩብ ሰዓት እንደሚፈጽመው በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ ሳጥኑን ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ብሬከሩን ማን አጠፋው?

መሐንዲሱ፦ የኤሌትሪክ ሠራተኛው አጥፍቶታል። «ጠፍቷል» ብሎኝ ነው የመጣሁት።

መሪጌታ፦ ይህ ፓምፕ እኮ ሰው አዞት ብቻ አይነሣም። ከላይ ኮረብታው ላይ ባለው ታንከር ውስጥ የሚንሳፈፍ ኳስ አለ፤ ውኃው ሲጎድል ኳሱ ይወርዳል፣ ኳሱ ሲወርድ ሞተሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሣል። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ስሙን በማላነሣው በአንድ ቤት ስሠራ፣ ረዳቴ የነበረ ልጅ ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘውን የኩፕሊንጉን ጎማ ሊዳስስ እጁን በሁለቱ ብረቶች መካከል አገባ፤ ሞተሩ ቆሞ ነበረና ሁላችንም የጠፋ መስሎን ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የግቢው ሰው ሁሉ ልብሱን ያጥባል፤ ታንከሩ ጎደለ፣ ኳሱም ወረደ። የልጁን የሁለት ጣቶች ነገር ከዚህ አልፌ አልተርክልህም።

መሐንዲሱ፦ እንግዲያው ምን ላድርግ ይላሉ?

መሪጌታ፦ ሄደህ በገዛ እጅህ አጥፋው፤ የብሬከሩን ሳጥን በገዛ ጓጉንቸርህ ቆልፈህ ቁልፉን በገዛ ኪስህ ክተተው፤ ሰው እየሠራ መሆኑን የሚገልጸውን ጽሕፈት ከነስምህ አንጠልጥልበት። እኔም የራሴን ጓጉንቸር ከአንተው ጎን አስገባለሁ፤ ሁለታችንም ካልተገኘን በቀር ሣጥኑ እንዳይከፈት። ከዚያም ቴስተሩን አስቀድመህ ኤሌትሪክ መኖሩ በታወቀ ሶኬት ላይ ሞክረው፤ ቀጥለህ ወደ ሞተሩ የሚመጡትን ሦስቱን ፌዞች እርስ በርሳቸውና ከመሬት ገመዱ ጋር ለካ፤ በመጨረሻም ወደዚያው ሶኬት ተመልሰህ ቴስተሩን እንደገና ሞክረው። ይህን ሁሉ የምልህ፣ ራሱ የሞተ ቴስተር ሕያው የሆነውን መስመር «ሞቷል» ብሎ በሐሰት እንዳይመሰክርልህ ነው።

ወጣቱ ሄዶ እስኪመለስ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲመለስ ምንም ሳይናገር የሱሪ ኪሱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ ሽማግሌውም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ጊዜ ከኩፕሊንጉ ሥር፣ በቤዙ ላይ ከተከማቸው ጥቁር አቧራ በጣታቸው ቆንጥረው በአውራ ጣታቸው እያሹ ወደ ብርሃን አቀረቡት።

መሪጌታ፦ ይህ ምንድን ነው ትላለህ?

መሐንዲሱ፦ ጥላሸት ይመስላል።

መሪጌታ፦ ጎማ ነው። የኩፕሊንጉ ጎማ በየዙሩ እየታሸ የፈጨው ዱቄት ነው። ሰዎች «ኩፕሊንጉ ጎማ ያለው ስለሆነ መዛነፉን ይችለዋል» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ጎማው ይችለዋል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ጎማው ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለው ኩሽኔታ ነው። የዚህ ሞተር ኩሽኔታ በዓመት ሦስት ጊዜ ሲበላ ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን በኩሽኔታ ሻጩ ላይ ጥለው «ፎርጅድ ነው» አሉ፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ በግራሶው ላይ ጣለው፤ የኤሌትሪክ ሠራተኛው ደግሞ በመስመሩ መዋዠቅ ላይ። ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ግን አንድ ስንኳ ያልተጠየቀ አለ፤ እርሱም የሞተሩ እግር ነው።

መሐንዲሱ፦ እግሩ ምን በደለ? አራቱም ቡሎኖች የጠበቁ ናቸው፤ በቺያቬ ሞክሬያቸው ንቅንቅ አላሉም።

መሪጌታ፦ መጥበቃቸውን አይተህ አትፍረድ። አንድ እግሩ ያጠረ ዱካ በላዩ ስትቀመጥ ይወዛወዛል፤ በመወዛወዙም ጉድለቱን ራሱ ይናዘዝልሃል። ሞተር ግን ከመሬት ጋር በቡሎን የተጠፈረ ዱካ ነው፤ ያጠረውን እግር ቡሎኑ በግድ ወደ ታች ሲስበው መወዛወዙ ይቀርና በምትኩ ሰውነቱ ይጣመማል። ሰውነቱ ሲጣመም የፊትና የኋላ ኩሽኔታዎች ማደሪያ ከአንድ መስመር ይወጣል። በውስጡ ያለውን ሮተር አስበው፤ በዙሪያው ካለው ጥቅልል የሚለየው አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ የአየር ክፍተት ነው።

መሐንዲሱ፦ ስለዚህ ክፍተት በትምህርት ቤት የነገሩን ትዝ ይለኛል። ቴስላ በአሜሪካ፣ ፌራሪስ በቱሪኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ሮተሩን ምንም ሳይነካው በሚሽከረከር የማግኔት መስክ ብቻ ማዞር እንደሚቻል አሳዩ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በበርሊን ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሠራ።

መሪጌታ፦ እነዚያ ሊቃውንት ሮተሩን ምንም ነገር እንዳይነካው ይህን ያህል ከተጠበቡ በኋላ፣ እኛ ደግሞ በጠማማ እግር ላይ አቁመን ከግድግዳው ጋር እናጋጨዋለን። ና፣ ጉልበትህን አጥፍና ተመልከት።

ሽማግሌው ያን ሰዓት መሳይ መለኪያ፣ ዳያል ጌጁን፣ በማግኔት መቆሚያው በቤዙ ላይ አቁመው ጫፉን በአንደኛው የሞተር እግር ላይ አሳረፉ፤ መርፌውንም ወደ ዜሮ አመጡ። ከዚያ ወጣቱ የዚያን እግር ቡሎን ብቻ እንዲያላላ አዘዙት። መርፌው ከሁለት መቶኛ በላይ አልተንቀሳቀሰም። ቡሎኑን መልሰው አጥብቀው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ሄዱ፤ ሁለቱም ደኅና ነበሩ። በአራተኛው፣ በኋላ በግራ በኩል ባለው እግር ላይ ግን፣ ቺያቬው ገና ሩብ ዙር ሳይሞላ መርፌው እንደ ተነካ ጉንዳን ተነሥቶ 30 ላይ ቆመ።

መሐንዲሱ፦ ሠላሳ መቶኛ!

መሪጌታ፦ ከአምስት መቶኛ በላይ ከሆነ አይታለፍም፤ ይህ ስድስት እጥፍ ነው። በል፣ ሞተሩን በትንሹ አንሣውና ከሥሩ ምን እንዳለ እንይ። በፓራንኮው አንሣው፤ ሰንሰለቱም ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ በሰያፍ አትሳበው፤ በራሱ ላይ ያለው የማንሻ ቀለበት የሞተሩን ክብደት ብቻ ለመሸከም የተሠራ ነውና ቤዙንና ፓምፑን ጭምር ጎትቶ እንዲያነሣ አትጠይቀው። ሦስት ኩንታል የሚያህል ብረት ነው፤ ማንም ሰው እጁንም ሆነ እግሩን ከሥሩ አያስገባ።

ሞተሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ሲል ከአራተኛው እግር ሥር የወጣው ነገር ሁላችንንም አሳቀን፤ ከዘይት ጣሳ በመቀስ የተቆረጠ፣ የፋብሪካው ምልክት ገና ያልጠፋበት፣ ሁለት ላይ የታጠፈ ቆርቆሮ ነበር፤ ከበላዩም የደረቀ ቀለም ተጋግሮበታል። ሽማግሌው ቀለሙን በመፋቂያ ፍቀው፣ የቤዙን ፊት በሞረድ ዳሰስ አድርገው፣ በጨርቅ ጠርገው ሲያበቁ እንደገና ለኩ፤ ጉድለቱ 12 ሆነ። ከዚያ 10 መቶኛ ውፍረት ያለው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሺም (የማመጣጠኛ ስስ ቅጠል) አስገቡ፤ የመጨረሻው ንባብ 2 ነበር።

መሪጌታ፦ የታጠፈ ቆርቆሮ እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው፤ ዛሬ ብታሸክመው ነገ ተረግጦ ዝቅ ይላል። ሺም ንጹሕ፣ ለጥ ያለና ቁጥሩ ጥቂት ይሁን፤ ሦስት ወይም አራት ቅጠል ካለፈ አንዱን ወፍራም ፈልግ እንጂ እንደ እንጀራ አትደርድረው።

ሥራ አስኪያጁ የገቡት በዚህ መካከል ነበር። እኔን በዓይናቸው ሰላም ብለው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ፦ መሪጌታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ቆሟል፤ ማሽኖቹም ቆመዋል። እናንተ ደግሞ እስካሁን አንድ እግር ስታክሙ ነው የማየው። ይህ ሁሉ ስለ አንድ ሚሊሜትር ሽራፊ ነው?

መሪጌታ፦ ጌታው፣ ሽራፊዋ ናት ሦስት ኩሽኔታ የበላችው። ነገሩን ይህ ልጅ በቁጥር ያስረዳዎት።

መሐንዲሱ፦ በባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ቢሆን ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ብለን እንገምት ይሆናል፤ ሕጉ ግን እንዲያ አይደለም። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ስምንት ዓመት ሊያገለግል የሚገባው ኩሽኔታ ለአንድ ዓመት ብቻ ይበቃል ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ፦ እሺ፣ ይሁን። ሻጩ ግን ሌላ ነገር ነግሮኛል፤ «አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፣ ስስ አየር ሞተር አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ አንድ ደረጃ የሚበልጥ ሞተር ግዙ» ብሎኛል። ይህስ እውነት ነው?

መሐንዲሱ፦ ግማሹ እውነት ነው። በሞተሩ ታርጋ ላይ የተጻፈው ጉልበት፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፣ ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ለሚሞቅ አየር የታሰበ ነው። ከዚያ በላይ ለሚወጣው ለያንዳንዱ 100 ሜትር፣ በቢ የሙቀት ደረጃ የሚሠራ ሞተር ከዚያ 40 ዲግሪ ላይ 0.8 ያህል ይቀነስበታል። አዲስ አበባን 2,400 ሜትር ብንላት 14 ጊዜ 0.8 ነው፤ 11 ዲግሪ ያህል ይመጣል፤ 29 ይቀረናል። ስለዚህ የዚህ ቤት አየር ከ29 ዲግሪ እስካልበለጠ ድረስ ይህ 37 ኪሎዋት ሞተር ጉልበቱን ሳያጎድል ይሰጠናል። ከፍታው የወሰደብንን ብርዱ መልሶ ይከፍለናል።

መሪጌታ፦ ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ስንት ይላል?

መሐንዲሱ፦ (ተነሥቶ አይቶ) ሠላሳ ሦስት።

መሪጌታ፦ እንግዲያው ብርዱ የሚከፍለንን ዕዳ በዚያ መስኮት ላይ ጆንያ ጠቅጥቆ ያስቀረብን ማን እንደሆነ ይጠየቅልኝ።

ዘበኛው ዝናብ እንዳይገባ ብሎ የደፈነው ሆኖ ተገኘ፤ ሥራ አስኪያጁም ጆንያውን ራሳቸው ጎትተው አወጡና ከበላዩ ቆርቆሮ እንዲጋረድ አዘው፣ እጃቸውን እያራገፉ ወጡ። ስለ እኔ ጉዳይ ያነሣ አልነበረም፤ እኔም አላስታወስኋቸውም፤ ወሬው ስቦኝ ነበርና።

መሐንዲሱ፦ አሁንስ ሌዘሩን ልሰር?

መሪጌታ፦ አስቀድመን በዳያል ጌጁ እንለካው፤ ሌዘሩ የነገረንን ለመፍረድ እንድትችል ነው። ሌዘርም ቢሆን ዳያልም ቢሆን የሚለካው የሰጠኸውን ነው፤ እግሩ ሳይስተካከል ብትለካው ኖሮ ጠማማውን ቁጥር በብዙ አስርዮሽ አስጊጦ ይሰጥህ ነበር።

መሐንዲሱ፦ መሪጌታ፣ እርስዎ ሁልጊዜ «ርቱዕ» የሚሉት ቃል ከትምህርት ቤት የመጣ ነው አይደል?

መሪጌታ፦ በግዕዙ ርቱዕ ማለት ቀጥ ያለ ማለት ነው፤ ያው ቃል እውነተኛና ሃይማኖቱ የቀና ማለትም ይሆናል። ተቃራኒው ጠዋይ ነው፤ ጠማማ። እኔ ይህን ቃል ከመምህሬ እግር ሥር ስማር ስለ ነፍስ የተነገረ ብቻ መስሎኝ ነበር። የዘንግ ጠዋይነት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ ሆነው ሳለ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ፣ ወይም አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ብሎ ሳይገጣጠሙ መቅረታቸው ነው፤ ሁለተኛው ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ሳለ እንደ ክርን ታጥፈው ማዕዘን መሥራታቸው ነው። ብዙ ጊዜም ሁለቱ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ከላይ ሲታይም ከጎን ሲታይም። ስለዚህ አራት ቁጥር ሳትይዝ አቀናሁ አትበል።

ማዕዘኑን በስስ ቅጠል መለኪያ፣ በኩፕሊንጉ ሁለት ፊቶች መካከል ከላይም ከታችም ከጎንም አስገብተው ፈተኑት፤ እግሩ በመስተካከሉ ብቻ ራሱ ተቃንቶ ስለ ነበር በዚያ ላይ ብዙ አልቆዩም። ቀጥለው ዳያል ጌጁን በብረት ክንድ ከፓምፑ ዘንግ ጋር አሰሩ፤ ጫፉንም በሞተሩ ኩፕሊንግ ከንፈር ላይ አሳርፈው፣ ከላይ ዜሮ አድርገው፣ ሁለቱን ዘንጎች አንድ ላይ በእጅ እያዞሩ በየሩብ ዙሩ ማንበብ ጀመሩ።

መሐንዲሱ፦ ከላይ ዜሮ። በቀኝ 19። ከታች 40። በግራ 14። ወደ ላይ ሲመለስ ዜሮ።

መሪጌታ፦ አይሆንም፣ ሐሰት አለበት።

መሐንዲሱ፦ ወደ ዜሮ ተመልሷል እኮ!

መሪጌታ፦ ቀኙንና ግራውን ደምር።

መሐንዲሱ፦ ሠላሳ ሦስት።

መሪጌታ፦ ላይና ታቹ ሲደመር አርባ ነው። ክብ ነገር ሲዞር ቀኝና ግራው ተደምሮ ከላይና ከታቹ ድምር ጋር እኩል ሊሆን ይገባል፤ ካልሆነ አንድ የላላ ነገር አለ፤ ወይ ክንዱ፣ ወይ መለኪያው፣ ወይ አንባቢው። እኔ አንባቢውን አልጠረጥርም።

ወጣቱ ፊቱ ቀላ፤ ሽማግሌው ግን ወደ እርሱ ሳይመለከቱ የክንዱን መቆንጠጫ በጣታቸው ሲነኩት ቀጭ አለ። አጥብቀው እንደገና አዞሩት። በቀኝ 26፣ ከታች 40፣ በግራ 14። ተደመረ።

መሪጌታ፦ አሁን እውነቱን ተናገረ። እንግዲህ ሞተሩ በስንት ዝቅ ብሏል?

መሐንዲሱ፦ በ40 መቶኛ።

መሪጌታ፦ በ20። መለኪያው ሙሉ ዲያሜትሩን ተሻግሮ ስለሚያነብ የሚነግርህ እጥፉን ነው፤ በዚህ የወደቀ ብዙ ሰው አለ፤ ሃያ ሊጨምር ሲገባው አርባ ይጨምርና ጠማማውን በሌላ ወገን ጠማማ ያደርገዋል። በጎንስ?

መሐንዲሱ፦ 26 ሲቀነስ 14፣ 12፤ ለሁለት ሲካፈል 6። ስለዚህ 20 መቶኛ ሺም ከአራቱም እግር ሥር አስገብቼ፣ ሞተሩን በጎን 6 መቶኛ ልግፋው።

መሪጌታ፦ በመግፊያ ቡሎኑ ቀስ አድርገህ ግፋው እንጂ በማርቴሎ እንዳትመታው፤ የማርቴሎው ምት በቀጥታ በኩሽኔታው ኳሶች ላይ ነው የሚያርፈው። ሺሙን ግን 20 አታድርገው፤ 10 ይበቃዋል።

መሐንዲሱ፦ አሥር ዝቅ ብሎ ይቅር ማለትዎ ነው? ባለ 1,475 ዙር ሞተር ከ9 መቶኛ በላይ መዛነፍ እንደሌለበት እርስዎ ራስዎ ነግረውኝ ነበር።

መሪጌታ፦ ሲሠራ ነው ያልሁህ። አሁን ሞተሩ ብርድ ነው። አንድ ሜትር ብረት በያንዳንዱ ዲግሪ አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ከጥቂት ይረዝማል። የዚህ ሞተር ዘንግ ከእግሩ ሥር 225 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በታርጋው ላይ ያለው 225 የሚለው ቁጥርም ይህንኑ ነው የሚነግርህ። ሰውነቱ ሲሠራ 35 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። አስላው።

መሐንዲሱ፦ (በወረቀት ላይ) ዘጠኝ መቶኛ ገደማ ወደ ላይ ያድጋል።

መሪጌታ፦ ፓምፑስ? በሆዱ የሚያልፈው የወንዝ ውኃ ነው፤ አያድግም። ስለዚህ ሞተሩን ሲሞቅ ከሚደርስበት ቦታ ዝቅ አድርገህ ትተክለዋለህ፤ ሲሠራ ራሱ ተነሥቶ ይቆማል። ሌዘርህም ይህን ቁጥር ሳትነግረው አያውቅልህም።

መሐንዲሱ፦ (ሌዘሩን አስሮ፣ ዘንጉን አዙሮ፣ ብዙ ቆይቶ) መሣሪያው ያሉትን ቁጥር ሰጥቷል፤ በአንድ መቶኛ ብቻ ይለያል።

መሪጌታ፦ እርሱ ትክክል ይሆናል፤ የእኔ ዓይን አርጅቷል። የፓምፑን የቧንቧ ፍላንጅ አላልተህ መርፌው ይንቀሳቀስ እንደሆነም ተመልከት፤ ቧንቧው ፓምፑን እየጎተተ ከሆነ ያቀናነው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቧንቧው ደኅና ነበር። ቀጥሎ ወደ ኤሌትሪኩ ተሻገሩ፤ በዚህ ደግሞ ወጣቱ መሪ፣ ሽማግሌው ተከታይ ሆኑ። በ500 ቮልት ሜገር የጥቅልሉን መከላከያ ለአንድ ደቂቃ ለክቶ 60 ሜጋኦም አገኘ፤ ለእንዲህ ያለ ሞተር ከ5 በታች ከሆነ ሳይደርቅ እንደማይነሣ እኔንም ጭምር አስረዳኝ፤ ከለካም በኋላ በጥቅልሉ ውስጥ የቀረው ኃይል ሰው እንዳይመታ ጫፎቹን ከመሬት ገመዱ ጋር አገናኝቶ አራገፈው።

መሪጌታ፦ የታርጋውን ቮልት አንብበኸዋል?

መሐንዲሱ፦ 380 በዴልታ፣ 660 በስታር። የእኛ መስመር 380 ስለሆነ በስታር ተነሥቶ በዴልታ ይሠራል።

መሪጌታ፦ መልካም። አንድ ጊዜ 220/380 የሚል ሞተር በዴልታ አስረው 380 ሲለቁበት አጠገቡ ቆሜ ነበር። እያንዳንዱ ጥቅልል 220 ብቻ ሊችል የተሠራውን ምስኪን ብረት ባልተሠራበት ጫኑት፤ ከአፉ የወጣው የቫርኒሽ ሽታ ለሦስት ቀን ከልብሴ አልለቀቀም። ታርጋውን ያነበበ አልነበረም፤ ከታርጋው ላይ ቀለም ቀብተውበት ነበር።

መሐንዲሱ፦ እኔ ደግሞ አንድ ስሕተት አገኘሁ። የቀድሞው ሰው የሙቀት መከላከያ ሪሌውን በ71 አምፔር ሞልቶታል፤ ታርጋው ላይ ያለው ቁጥር ነውና ትክክል ይመስላል። ሪሌው ግን የተቀመጠው ከዴልታው ውስጥ ነው፤ በዚያ የሚያልፈው የመስመሩ 58 በመቶ ብቻ ነው። በ41 ሊሞላ ይገባ ነበር። እንዲህ እንደ ተሞላ ሞተሩ እስኪነድ ድረስ አይቆረጥም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አውርደው የሪሌውን ሳጥን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

መሪጌታ፦ ይህን እኔ አላየሁትም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ብረቱን ሳይ ኖሬ ሽቦውን ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ። በል አስተካክለው።

ጎማው ገና በኩፕሊንጉ ሳይገባ፣ ሞተሩና ፓምፑ ተለያይተው ሳሉ፣ ሁለቱ ጓጉንቸሮች ተከፍተው ሞተሩ ለአንድ አፍታ ብቻ ተነካ፤ ዘንጉ ወደ ግራ ዞረ፣ የፓምፑ ቀስት ግን ወደ ቀኝ ነበር። ወጣቱ ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን ሊያቀያይር ሲነሣ ሽማግሌው እጁን ያዙት፤ ጓጉንቸሮቹ እንደገና እስኪገቡና ቴስተሩ እንደገና እስኪመሰክር ድረስም አልለቀቁትም። ተያይዞ ቢሆን ኖሮ፣ አሉ ሽማግሌው፣ በአንዳንድ ፓምፕ የውስጡ ክንፍ በጥርስ የተጠመዘዘ ነውና ወደ ኋላ ሲዞር ተፈትቶ ቤቱን ይፈጨው ነበር። ከዚያ ጎማው ገባ፤ ኩፕሊንጉን የሚከድነው የወንፊት ጋሻ ታሠረ፤ ቁልፎቹ ከሁለቱ ኪሶች ወጡ።

ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ መጀመሪያ ወፍራም ነበር፣ ወደ ዴልታ ሲሻገር አንዴ ነጠቅ ብሎ ቀጠነ፣ ከዚያም ጸና። መሪጌታ የካቻቢቴውን ጫፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ፣ እጀታውን በጆሮአቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በአንድ ማኅሌት ከቆሙት መካከል የአንዱን ዲያቆን ድምፅ ለይተው የሚያደምጡ ይመስሉ ነበር።

መሐንዲሱ፦ እንዴት ነው?

መሪጌታ፦ ዝም በል እስቲ።

ሁለት ሰዓት ሠራ። ከዚያም ከሥራ አስኪያጁ ጥቂት ደቂቃ ተለምኖ ቆመ፤ ተቆለፈ፤ ገና እንደ ጋለ፣ ወጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ በያዘው እጁ ዳያሉን አስሮ ዘንጉን አዞረ።

መሪጌታ፦ ከታች ስንት አለ?

መሐንዲሱ፦ አራት።

መሪጌታ፦ በግራ?

መሐንዲሱ፦ ሦስት። በቀኝ አንድ።

መሪጌታ፦ ይደመራል?

መሐንዲሱ፦ ይደመራል፣ መሪጌታ።

መሪጌታ፦ እንግዲያው ከነቀኑ በመዝገቡ ጻፈው። የዘይት ጣሳውን ቁራጭ ደግሞ እንዳትጥለው፤ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥላቸው።